ሁላችንም አድሚን ነበርን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ሳላነብ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ስለ ሰርጎ ገቦች፣ ስለ ተሰረቁ የይለፍ ቃሎች፣ ስለ አጭበርባሪ ሊንኮች በየጊዜው ታስነብቡናላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። እስካሁን ግን አንድ ነገር ሲነሳ አላየሁም። እኛው ራሳችን፣ በገዛ ቡድናችን ውስጥ፣ ለማን ምን ዓይነት ቁልፍ፣ ማለትም በምንሠራበት ሶፍትዌር ላይ ምን የማድረግ ፈቃድ፣ እንደምንሰጥ። ይህን የምጽፍላችሁ ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

ሥራዬ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ማስተባበር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ቡድናችን ሥራውን የሚከታተለው በአንድ የፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ፣ ለእያንዳንዱ ስህተት ቲኬት ይከፈታል። ቁጥር ይሰጠዋል። ማን ያዘው፣ የት ደረሰ፣ ማን ምን አለ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከስድስት ወር በፊት ለምን እንደዚያ እንደወሰንን የሚያስታውስ ሰው ባይኖር ቲኬቱ ያስታውሰናል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቲኬቶቹ የሚደረደሩበትን ገጽ፣ ቦርዱን፣ ስከፍት ከ412 ቀጥሎ ያለው ቲኬት 439 ሆኖ አገኘሁት። መሃል ያሉት ሃያ ስድስቱ የሉም። መጀመሪያ ማጣሪያው የደበቃቸው መሰለኝ። ማጣሪያውን አነሳሁ፤ የሉም። ገጹን ደጋግሜ አደስኩት፤ የሉም። 417ን በቁጥሩ ፈለግሁት። «ይህ ቲኬት የለም፤ ወይም ለማየት ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። እኔ አድሚን ነኝ፤ በሶፍትዌሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለኝ አስተዳዳሪ። ለማየት ፈቃድ የማጣበት ቲኬት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የለም ማለት ነው። ክው አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት ባልደረባችን ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ። ቡድናችንን ከተቀላቀለ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ መሰለኝ ያጠፋኋቸው» አለ።

ሰኞ ከሰዓት «የተደጋገሙ ቲኬቶች በዝተዋል፤ እስቲ አጽዳልን» ብለነው ነበር። ልጁ ትጉህ ነው። አምሽቶ ሠራ። ሃያ ስድስቱም ርዕሳቸው «የክፍያ ገጽ» ብሎ ስለሚጀምር የአንድ ነገር ድግግሞሽ መሰሉት። በአንድ ጊዜ መረጣቸው። «ሰርዝ» የሚለውን ተጫነ። ሶፍትዌሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም በቅን ልቡ እርግጠኛ ነበር።

በምንጠቀምበት ሶፍትዌር የተሰረዘ ቲኬት ቅርጫት ውስጥ ገብቶ አይጠብቅም። ሄደ፣ በቃ። በሥሩ ያሉት ንዑስ ሥራዎች፣ አስተያየቶቹ፣ የተያያዙት ምስሎች አብረውት ይሄዳሉ። መጠባበቂያ ቅጂ የምናወጣው በወር አንዴ ነበር። እነዚያ ቲኬቶች ደግሞ ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ የተከፈቱ ናቸው።

ልጁን የተቆጡት ነበሩ። እኔ ግን በምን አፌ? ሶፍትዌሩን የጀመርን ቀን አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። «አክሰስ የለኝም»፣ «ይሄ ገጽ አልከፍትልኝ አለ» የሚል ጥያቄ እንዳይበዛብኝ ብዬ ሁላችንንም አድሚን አደረግሁ። ቆየት ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሁለት ዓመት ቆየሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ እንደ ነባሮቹ አድርጌ እጨምረዋለሁ። ያ ማክሰኞ ሲደርስ 29 ሰዎች ነበርን። ሃያ ዘጠኛችንም አድሚን። ልጁ የተጫነውን ቁልፍ ከፊቱ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ያዳነን ኢሜይል ነው። ሶፍትዌሩ በአንድ ቲኬት ላይ አስተያየት በተጻፈ ቁጥር ለሚከታተሉት ሰዎች ኢሜይል ይልካል። አብዛኞቻችን እነዚያን ኢሜይሎች ሳናነብ እናጠፋቸዋለን። አንዲት የፍተሻ ባለሙያችን ግን አንድም አጥፍታ አታውቅም። የመልእክት ሳጥኗን ከፍተን «የክፍያ ገጽ» ብለን ስንፈልግ ከሦስት መቶ በላይ መልእክት ወጣ። እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብን። ሃያ ሁለቱን መልሰን አቆምናቸው። የአራቱ ግን ርዕሳቸው ብቻ ተገኘ። ምስሎቹ አልተመለሱም። ቁጥሮቹም አልተመለሱም፤ ሶፍትዌሩ አንዴ የሰጠውን ቁጥር ደግሞ አይሰጥም።

የቁጥሩ ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል። አልሚዎቻችን ኮድ ሲያስገቡ ማስታወሻው ላይ የቲኬቱን ቁጥር ይጽፋሉ። ዛሬም አንድ ሰው የክፍያውን ኮድ ከፍቶ «ይህ መስመር ለምን ተጻፈ?» ብሎ ቢያይ 417 የሚል ያገኛል። ሲጫነው ያንኑ «ይህ ቲኬት የለም» የሚለውን ገጽ ያወጣለታል። መልሱ ሌላ ቁጥር ይዞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ በዚያን ሳምንት የነበሩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር ሶፍትዌሩን በሚሠሩት ዘንድም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 5 ቀን 2022 ጂራ የተባለውን መከታተያ የሚሠራው አትላሲያን አንድ የቆየ መተግበሪያ ከደንበኞቹ ሳይት ላይ ለማንሳት ስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም፣ አስኬደ። ለስክሪፕቱ የተሰጠው ግን የመተግበሪያው መለያ አልነበረም፤ የሳይቶቹ መለያ ነበር። ስርዓቱ «ይህ እኮ ሙሉ ሳይት ነው» ብሎ አላስጠነቀቀም። የ775 ደንበኞች 883 ሳይቶች ተሰረዙ። የመጨረሻዎቹ የተመለሱት አፕሪል 18 ነው። ኩባንያው የሆነውን ሁሉ በዝርዝር አሳትሞታል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ሳነበው የታየኝ የኛው ልጅ ነበር። የተሳሳተ ዝርዝር፣ ለዘለዓለም የሚሰርዝ ቁልፍ፣ በመሃል የሚያስቆም ነገር የለም።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ሁሉንም ነገር ዘጋሁት።

ከእኔና ከአንድ ሌላ ሰው በስተቀር ቲኬት ወደ «ተጠናቋል» የሚያዛውር አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ያህል ጸጥታ ሆነ። ጥሩ ሆነ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የቲኬቶቹን ታሪክ ሳገላብጥ እንግዳ ነገር አየሁ። አብራኝ አድሚን የነበረችው ባልደረባዬ በአንድ ቀን አሥራ አራት ቲኬት ዘግታለች ይላል። በዚያ ቀን ግን እረፍት ላይ ነበረች። ኮምፒውተሯም ከእሷ ጋር አልነበረም።

ጠየቅሁ። ፈታሾቹ ሥራቸውን ጨርሰው ቲኬቱን መዝጋት ሲያቅታቸው፣ እኛን ጠብቀው ሲሰለቻቸው፣ የይለፍ ቃሏን ሰጥታቸው ነበር። አልፈርድባቸውም። ሰው ሥራውን መሥራት አለበት። በሩን ስትዘጋበት በመስኮት ይገባል። ግን ያ የሥራ ታሪክ ከዚያ በኋላ የሚታመን አልሆነም። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ብለን ያስቀመጥነው መዝገብ በሌላ ሰው ስም ይጽፍ ጀመር። ሁሉም አድሚን በነበረበት ጊዜ እንኳ ቢያንስ መዝገቡ ትክክል ነበር። ከልክ በላይ መክፈት ሥራ ያጠፋል፤ ከልክ በላይ መዝጋት ደግሞ መዝገቡን ያስዋሻል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እስከዛሬ መወሰን አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኮምፒውተር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሥራውን ለመጨረስ በሚያስፈልገው አነስተኛ ሥልጣን ይሥራ ብለው ነበር። የዚህን ጥቅም ሲያስረዱ በቅድሚያ ያነሱት ድንገተኛ አደጋንና ስህተትን ነው። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ሰውን ስለመጠርጠር አልነበረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ፈቃድ ለሰው በስሙ ከሚሰጥ ለሚና ይሰጥ፣ ሰውም ሚናውን ይያዝ የሚል ንድፍ አቀረቡ። ዛሬ በብዙዎቹ መከታተያዎች የምናየው ይኸው ነው። ሬድማይን የተባለው መከታተያ በነባሪ ቅንብሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አልሚና ሪፖርት አቅራቢ የሚሉ ሚናዎችን ያቀርባል። የኮድ ማስቀመጫው ጊትሐብም በድርጅት ሥር ላለ አንድ የኮድ ማኅደር ከማንበብ እስከ አድሚን አምስት ደረጃ አለው።

እኛም ሚናዎቻችንን አወጣን። ያወጣናቸው ግን ከማዕረግ ተነስተን አይደለም። እያንዳንዱን ሰው «ባለፈው ሳምንት ቦርዱ ላይ ምን ምን አደረግህ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አስገረመኝ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው። ቲኬት ይከፍታል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ የራሱን ቲኬት ከአንድ ዓምድ ወደ ሌላው ያዛውራል። ፈታሾች በዚያ ላይ ይዘጋሉ፣ መልሰውም ይከፍታሉ። አስተባባሪዎች ቀን ይቆርጣሉ፣ ሥራ ያከፋፍላሉ። መሰረዝን ማንም አላነሳም። «ሰርዝልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ በአብዛኛው የሚፈልገው ቲኬቱ ከዓይኑ እንዲጠፋለት ነው። ለዚያ «ተደጋጋሚ» ብሎ መዝጋት ይበቃል። ቲኬቱ ከቦርዱ ይወርዳል፤ ቁጥሩና ታሪኩ ግን ይቆያሉ። ያን ሰኞ ይህ ቢኖረን ኖሮ ልጁ ሃያ ስድስቱን ይዘጋ ነበር፤ እኛም በአምስት ደቂቃ መልሰን እንከፍታቸው ነበር።

ቅንብሩን መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሰው ማስረዳት ግን ሳምንታት ወሰደ። በተለይ አንዱን አልረሳውም።

ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ነባር መሐንዲስ አሉን። ሶፍትዌሩን ለቡድናችን ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ሥራቸው ንድፍ መገምገም ስለሆነ አድሚን የሚያስፈልግበት ነገር የላቸውም። አርብ ማታ ከአድሚኖች ዝርዝር አወጣኋቸው። ሶፍትዌሩ ወዲያው መልእክት ላከላቸው። የመልእክቱን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ከአድሚንነት ተነስተዋል» ይላል። ስጽፈው ምንም አልታየኝም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው ምን አድርጎ ነው የሚነሳው?»

ስልካቸውን አውጥተው መልእክቱን አሳዩኝ። ቅዳሜንና እሁድን ሲያዩት ከርመዋል። ያኔ ነው ቃሉን በእሳቸው ዓይን ያነበብኩት። እኛ «ተነሳ» የምንለው ከሥልጣን ለወረደ ሰው ነው። አድሚን ማድረግ ሹመት ይመስላል፤ ማውጣት ደግሞ ሽረት። በቢሮአችንም ሰዎች «አክሰስ ነጠቀችኝ»፣ «ከለከለችኝ» ሲሉ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ቋንቋችን ጉዳዩን የክብር ጉዳይ አድርጎታል፤ እኔም አንድ ቃል ሳልነግራቸው በማሽን አፍ አዋረድኳቸው።

ኮምፒውተሬን ወደ እሳቸው አዞርኩት። የአድሚኖቹን ዝርዝር አሳየኋቸው። የእኔ የየዕለት አካውንትም እዚያ ላይ የለም። ለአድሚን ሥራ ብቻ የምከፍተው ሌላ አካውንት አለኝ፤ ስጨርስ ወጥቼ እዘጋዋለሁ። «ጠዋት ጠዋት በእንቅልፍ ዓይኔ ቦርድ ስከፍት ሁሉንም ማጥፋት በሚችል አካውንት መግባት አልፈልግም» አልኳቸው። ያኔ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ትንሽ አሰቡና «ያን ዕለት ልጁ ባይሆን እኔ ልሆን እችል ነበር ማለትሽ ነው» አሉ። «እርስዎም፣ እኔም» አልኩ።

«ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔው ራሴ አውጪኝ እልሽ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መልእክቱንም አብረን ደግመን ጻፍነው። አሁን «በቦርዱ ላይ ያለዎት የሥራ ድርሻ ተስተካክሏል፤ ሲያዩት የነበረውን ሁሉ አሁንም ያያሉ» ይላል፤ ለምን እንደተቀየረና ለሚያስፈልግ ነገር ማንን እንደሚጠይቁም ይነግራል። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፈቃድ በአካል ወይም በስልክ ሳልነግረው ቀይሬ አላውቅም።

ስለ ውጭ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ ሥራው የት እንደደረሰ ማየት ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። አደጋው «ሁሉም ሰው» የሚለው ምርጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በጂራ ላይ ይህ ቃል ስንቱን እንዳሳሳተ አሳይቷል። ሰዎች ማጣሪያና ዳሽቦርድ ሲያጋሩ «ሁሉም ሰው» የሚለውን የሚመርጡት «የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ» ማለት መስሏቸው ነበር። ትርጉሙ ግን ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ነበር። በዚህ የተነሳ የትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኞች ስም፣ ኢሜይልና የፕሮጀክት መረጃ ያለ ይለፍ ቃል ይታይ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ትሬሎ በተባለው ሌላ መከታተያ ለሕዝብ ክፍት በተተዉ ቦርዶች ላይ የይለፍ ቃሎች በጎግል ፍለጋ ብቻ ተገኝተዋል። ሰርጎ ገብ አላስፈለገም። እኛ ለደንበኞች የተለየ ፕሮጀክት ከፈትን። ከመላካችን በፊት ደግሞ እንደ ደንበኛ ሆኜ የምገባበት የሙከራ አካውንት አለኝ። በእሱ ገብቼ በዓይኔ ሳላይ ሊንክ አልሰጥም። በመጀመሪያው ሙከራ አልሚዎቹ እርስ በርስ የጻፉት አስተያየት ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። የቅንብር ገጹ ግን ተዘግቷል ይል ነበር።

የለቀቁ ሰዎችስ? ዝርዝሩን ስመረምር ከለቀቁ ወራት ያለፋቸው የአራት ሰዎች አካውንት ክፍት ነበር። በክፋት የተተወ አይደለም፤ ሰው ሲመጣ የሚጨምረው አለ፣ ሲሄድ የሚያወጣው ግን የማንም ሥራ አልነበረም። አራቱንም በአንድ ቀን ዘጋሁ። በማግስቱ የሳምንቱ ሪፖርት አልወጣም። ሪፖርቱን በራሱ የሚልከው ስክሪፕት ከአራቱ በአንዱ ስም በተሰጠ የመግቢያ ቁልፍ ይሠራ ነበር። አሁን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የማንም ሰው ያልሆነ አካውንት አለን፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ይጻፍ። የደኅንነት ባለሙያዎችን ብቻ ሳይሆን ቦርድ የሚያስተዳድሩትን፣ «አክሰስ የለኝም» የሚለውን ጥሪ በየቀኑ የሚቀበሉትን ሰዎች አነጋግሩ። ለቃላቱም አስቡልን። «ፈቃድ»፣ «ሥልጣን»፣ «ሚና»፣ «ድርሻ» ከሚሉት የትኛው ሰውን ሳያስከፋ ሥራውን እንደሚገልጽ ከእኛ ይልቅ በየቀኑ ከቃል ጋር የምትውሉት እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ «ድርሻ»ን መርጫለሁ። የተሻለ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

እኛ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ዝርዝሩን ከፍተን አንዳችን ስም እናነባለን፤ ሌላችን «አሁንም ይህን ይሠራል?» ብለን እንመልሳለን። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ባለፈው ሰኞ 34 አካውንት ነበር። ሦስቱን ዘጋን፣ የሁለቱን ድርሻ ቀየርን፤ አምስቱንም ሰዎች አስቀድመን ደውለንላቸዋል። አድሚኖች ሁለት ናቸው። ቲኬት የመሰረዝ ፈቃድ ማንም ላይ የለም። ሲያስፈልግ ሁለታችን ተነጋግረን እንከፍተዋለን፣ እንሰርዛለን፣ መልሰን እንዘጋዋለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ የከፈትነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በስህተት የይለፍ ቃል ለጥፎበት የነበረን ቲኬት ለማጥፋት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ የሆነች የፕሮጀክት አስተባባሪ